እፉኝት የሚመስለው እንቁላል በል እባብ፦ ለምን ይመስላል? መምሰሉስ ለሰው ምን ያስከትላል?

በወሎ ቆላና ወይና ደጋ፣ ከቆቦ ሜዳ አንሥቶ እስከ ባቲና ከሚሴ ባለው አገር፣ የማሽላ ቆረጣ ሲደርስ ወይም የፈረሰ እርከን ሲጠገን ከድንጋይ ሥር እባብ መውጣቱ የተለመደ ነገር ነው። ቡናማ ወይም ግራጫ መልክ ያለው፣ ጀርባው ላይ ጠቋቁር ነጠብጣብ የተደረደረበት፣ ሲነካ ተጠቅልሎ ድምፅ የሚያሰማ እባብ ከታየ ደግሞ «እፉኝት!» ተብሎ ዱላና ድንጋይ ይነሣበታል። የተገደለው በእርግጥም እፉኝት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መርዝ የሌለው፣ ቢነክስ እንኳ ቆዳ በቅጡ የሚበሳ ጥርስ ያልተሰጠው፣ ከወፍ እንቁላል በቀር ሌላ ምግብ የማያውቅ እባብም ሊሆን ይችላል። ይህ ማብራሪያ ስለዚሁ እባብ፣ ስለሚመስላቸው መርዛሞች፣ እንዲሁም መመሳሰሉ በእባብ በተነደፈ ሰው ሕክምና ላይ ስለሚያመጣው ጣጣ የሚያስረዳ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እንቁላል በል እባብ ምን ዓይነት እባብ ነው?

የእንስሳት ሊቃውንት ዳሲፔልቲስ በሚል የወገን ስም የሚጠሯቸው እንቁላል በል እባቦች ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል በሰፊው ተሠራጭተው ይኖራሉ። በአገራችንም ይገኛሉ፤ እንዲያውም ከዝርያዎቹ አንዱ በ1854 በፈረንሳይ ሊቃውንት ሲመዘገብ አቢሲና የሚል መጠሪያ የተሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጫጭን እባቦች ናቸው፤ አብዛኞቹ 1 ሜትር አይሞሉም። ቀን ከድንጋይ ሥር፣ ከኩይሳ ውስጥ ወይም ከተላጠ የግንድ ልጥ ጀርባ ተሸሽገው ይውሉና ሲመሽ የወፍ ጎጆ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ዛፍ መውጣትም ያውቁበታል።

ምግባቸው የወፍ እንቁላል ብቻ ነው። አይጥ አይበሉም፣ እንሽላሊት አይበሉም፣ የተፈለፈለ ጫጩትም አይነኩም። ይህ አንድ ልማድ የአካላቸውን አሠራር ከሌሎች እባቦች በእጅጉ የተለየ አድርጎታል። ጥርሶቻቸው ጥቂትና እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ እንቁላል አይታገልም፣ አይሸሽም፣ ስለዚህ ይዞ የሚያስቀር ጥርስ አያስፈልገውም። መርዝም ሆነ መርዝ የሚያስተላልፍ ጥርስ የላቸውም።

እባቡ እንቁላል ሲያገኝ መጀመሪያ በምላሱ ደጋግሞ እየዳሰሰ ይመረምረዋል፤ የተበላሸ ወይም ጫጩት ለመሆን የተቃረበ ከሆነ ትቶት ይሄዳል። የወደደውን ግን ከጎጆው ግድግዳ ወይም ከገዛ ራሱ ጥቅልል ጋር አስደግፎ አፉን ይከፍትበታል። መንጋጋው በጣም የሚለጠጥ በመሆኑ ከጭንቅላቱ በብዙ የሚሰፋ እንቁላል ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዚህ ጊዜ የአንገቱ ቆዳ ከመወጠሩ የተነሣ ቅርፊቶቹ ተራርቀው በመካከላቸው ያለው ስስ ቆዳ ይታያል። እንቁላሉ እስከዚህ ድረስ አልተሰበረም። የሚሰበረው ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ ከአንገቱ አከርካሪ ሥር ወደ ታች የወጡ ሹል አጥንቶች የጉሮሮውን ግድግዳ ዘልቀው ስለገቡ፣ እባቡ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያጣምም የእንቁላሉን ቅርፊት ይሰነጥቁታል። አስኳሉና ውሃው ወደ ሆድ ይወርዳል፣ ባዶው ቅርፊት ግን በውስጠኛው ስስ ሽፋን እንደተያያዘ ተጨምድዶ በአፍ ተመልሶ ይወጣል። ከእባቦች ወገን ይህን ያህል ንጹሕ በላተኛ ማግኘት ያስቸግራል።

ወፎች እንቁላል የሚጥሉት ወቅት ጠብቀው ስለሆነ እባቡም ዓመቱን ሙሉ አይመገብም። ዝናቡ መጥቶ ሣር ሲበቅል፣ ጎጆአቸውን ሸምነው ከግራር ቅርንጫፍ የሚያንጠለጥሉት ወፎች ሲጥሉ፣ ጠግቦ ይበላና ስብ ያከማቻል፤ በቀረው ጊዜ ለወራት ጦሙን ሊያድር ይችላል።

የሚመስላቸው መርዛማ እባቦች የትኞቹ ናቸው?

በዋናነት ሁለት እፉኝቶችን ማወቅ ያሻል።

አንደኛው ሰውነቱ አጭርና ወፍራም፣ ጭራው አጭር፣ በጀርባው ላይ ሹል ሹል ጥቁርና ቢጫማ ቅስቶች የተደረደሩበት እፉኝት ነው፤ ሲቆጣ ሰውነቱን በአየር ይነፋና ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ ያወጣል። ከደረቅ በረሃና ከጥቅጥቅ ደን በቀር በአፍሪካ ያልደረሰበት ሥፍራ ጥቂት ነው። አደገኛነቱ ከመርዙ ባሻገር ከጠባዩ የሚመጣ ነው፤ ሰው ሲቀርበው ከመሸሽ ይልቅ መልኩ ከአፈርና ከደረቅ ቅጠል ጋር እንደሚመሳሰል ተማምኖ ባለበት ጸጥ ብሎ ስለሚተኛ፣ ብዙ ሰው የሚነደፈው ሳያየው ረግጦት ነው። መርዙ ኃይለኛ ሕመምና እብጠት ያስከትላል፣ ቆዳው ውሃ ይቋጥራል፣ ሲብስም ሥጋው ሞቶ እጅ ወይም እግር እስከማጣት ያደርሳል።

ስለ እፉኝት ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ የታወቀው «ስትወልድ ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ይህ ወፍራም እፉኝት እንደ ብዙዎቹ እባቦች እንቁላል አይጥልም፤ እንቁላሉ በሆድ ውስጥ ስለሚፈለፈል ሕያው ልጆች ይወልዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ፣ ከ150 በላይ የተወለዱበትም ጊዜ ተመዝግቧል። እናቲቱ ግን በዚህ አትሞትም፤ ሆዷም አይቀደድም።

ሁለተኛው የደረቅ ቆላ እፉኝት ሲሆን ከባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ በሚወርደው ዓይነት ድንጋያማና ሞቃት መሬት ይስማማዋል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በጎንና ጎኑ ያሉት ቅርፊቶች ዘመም ብለው የተተከሉና ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተነከሰ ነው። ሲደፈር ሰውነቱን በግማሽ ክብ ቅርጽ አጥፎ አጥፎ ይደራርብና እጥፋቶቹን እርስ በርስ ያፋጫቸዋል፤ የሚሰማው ደረቅ ድምፅ ከአፉ የሚወጣ አይደለም፣ የቆዳው ፍጭት ነው። መርዙ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ የተነደፈው ሰው ከድዱ፣ ከአፍንጫው፣ ከቆየ ቁስሉ ሊደማ ይችላል፤ ደሙ በጭንቅላት ውስጥ ከፈሰሰ ደግሞ ይገድላል።

እንቁላል በሉ እባብ ይህን ሁለተኛውን እፉኝት የሚመስለው በመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያን ያህል ባላስደነቀ። በጎኑ ላይ ያሉት ቅርፊቶች እንደዚያው መጋዛማ ናቸው፤ እንደዚያው በግማሽ ክብ ይደራረባል፣ እንደዚያው ተፋጭቶ ያንኑ ድምፅ ያሰማል። መንጋጋውን ወደ ጎን በመለጠጥም ጠባቡን ራሱን እንደ እፉኝት ሦስት ማዕዘን ያስመስለዋል። ይህ ሁሉ ካላዋጣው አፉን በርግዶ ጥቁሩን የአፉን ውስጥ እያሳየ ይወረወራል፤ ባዶ አፉን ይዞ።

እንዴት ሊመሳሰሉ ቻሉ?

መርዝ የሌለው ፍጥረት መርዛማውን በመምሰል የሚጠበቅበትን መንገድ በመጀመሪያ አብራርቶ የጻፈው እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ ነው። ቤትስ ከ1848 እስከ 1859 በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ደን ተቀምጦ ነፍሳት ሲሰበስብ ወፎች የማይበሏቸውን መራራ ቢራቢሮዎች ቁርጥ አድርገው የሚመስሉ፣ ነገር ግን መራራ ያልሆኑ ሌሎች ቢራቢሮዎችን አገኘ፤ በ1862 ባሳተመው ጽሑፍም ምክንያቱን አስረዳ። ዛሬ ይህ ዓይነቱ መመሳሰል በእርሱ ስም ይጠራል።

አሠራሩን ለመረዳት «በእባብ የተነደፈ በልጥ በረየ» የሚለው ተረታችን ይበቃል። አንድ ጊዜ የተነደፈ ሰው መሬት ላይ የወደቀ ልጥ ባየ ቁጥር ይደነግጣል፤ ልጡ ምንም ያደረገው ነገር የለም፣ ምንም ሊያደርገውም አይችልም፣ ነገር ግን በእባቡ ምክንያት የሚቀርበው የለም። እንቁላል በሉ እባብ በዚህ ተረት ውስጥ የልጡን ቦታ ይዟል። እባብ አዳኝ የሆነ ወፍ ወይም ፋሮ እፉኝትን መፍራት ካወቀ፣ እፉኝት የሚመስለውንም ይተዋል።

መመሳሰሉ እባቡ አስቦና ተምሮ ያመጣው አይደለም። ከአንድ እናት ከተፈለፈሉት መካከል መልካቸው ወይም አኳኋናቸው ወደ እፉኝት ትንሽ የቀረበው ከአዳኝ የመትረፍ ዕድላቸው ስለሚበልጥ እነርሱ ይራባሉ፤ ያልመሰሉት ይበላሉ። ይህ ማጣሪያ ለብዙ ሺህ ትውልዶች ሲደጋገም መልኩ፣ ቅርፊቱ፣ ድምፁ፣ አጠቃለሉ ሁሉ ወደ እፉኝት እየተጠጋ ይመጣል።

እዚህ ላይ «አንድ አዳኝ በእፉኝት ከተነደፈ ይሞታል፤ የሞተ ደግሞ ትምህርት አይወስድም፣ ታዲያ እንዴት መፍራትን ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ማንሣት ተገቢ ነው። ተነድፎ የሚተርፍ አለ፤ ከዚያም በላይ አንዳንድ እንስሳት ፍርሃቱን ይዘውት ይወለዳሉ። በመካከለኛው አሜሪካ በሰው እጅ ያደጉና እባብ አይተው የማያውቁ ወፎች በ1970ዎቹ ሲፈተኑ፣ ኮራል የሚባለውን መርዛማ እባብ ቀለበታማ ቀለም የተቀባ ተራ እንጨት እንኳ ለመንካት አልደፈሩም።

መመሳሰሉ የሚሠራው ግን እውነተኛው መርዛም በአቅራቢያው ሲኖር ብቻ ነው። በ2001 በይፋ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ፕላስቲሊና ከሚባል ለስላሳ የቅርጽ መሥሪያ ጭቃ የተሠሩ እባቦችን በሁለት ዓይነት ሥፍራ አስቀምጦ ነበር፤ መርዛማው ኮራል እባብ በሚኖርበት አገር አዳኞች እርሱን የሚመስሉትን ብዙም አልነኩም፣ በማይኖርበት አገር ግን ከጥቃቱ አልዳኑም። ስለ እኛ እባብም ካርል ጋንስ የተባሉት ሊቅ በ1961 እንዳመለከቱት፣ የእንቁላል በሉ ቀለምና ነጠብጣብ ከአገር አገር ይለያያል፤ የሚለያየውም በየአገሩ ያለውን እፉኝት እየተከተለ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ወጣ የሚለው ሰው ነው። ወፉም ፋሮውም ሲፈሩ ይሸሻሉ፤ ሰው ሲፈራ ዱላ ያነሣል። ስለዚህ እባቡን ከአዳኞቹ ሁሉ ያተረፈው መልክ በሰው ፊት መገደያው ሆኖ ያርፋል።

ታዲያ በዓይን ለይቶ ማወቅ ይቻላል?

በሥራው ለሰለጠነ ሰው ይቻላል። እንቁላል በሉ ጭራው ረዘም ያለ፣ ሰውነቱ ቀጠን ያለ ነው፤ በራሱ አናት ላይ ያሉት ቅርፊቶች ሰፋፊ ሲሆኑ ከላይ የተጠቀሱት ሁለት እፉኝቶች ግን በአናታቸው ላይ ያለው ጥቃቅን ቅርፊት ነው። ችግሩ ይህን ለማየት የሚያስችለው ርቀት እባቡ ሊነድፍ ከሚችልበት ርቀት የማያልፍ መሆኑ ነው።

በሕዝብ ዘንድ የሚነገሩት መለያዎች ደግሞ አንድ በአንድ ይፈርሳሉ። «ራሱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛም ነው» ይባላል፤ እንቁላል በሉ ራሱን ለጥጦ ሦስት ማዕዘን ያደርጋል፣ በመርዙ የታወቀው ኮብራ ግን ሦስት ማዕዘን ራስ የለውም። «የዓይኑ ብሌን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከሆነ መርዛም ነው» ይባላል፤ የእንቁላል በሉም ብሌን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው፣ የኮብራው ክብ ነው። «ዝግተኛ እባብ አይጎዳም» የሚለው የበለጠ አደገኛ ነው፤ ወፍራሙ እፉኝት ሲሄድ ዝግ ይበል እንጂ ሲነድፍ ዓይን አይከተለውም። ትንሽነትም ዋስትና አይሆንም፤ ከላይ የተጠቀሰው የቆላ እፉኝት ትንሽ ነው።

ከዚህ ላይ የሁለቱ ስሕተቶች ክብደት እኩል አለመሆኑ መታየት አለበት። የማይጎዳውን እባብ እፉኝት ነው ብሎ የራቀ ሰው የሚያጣው ነገር የለም፤ እፉኝትን «ይሄ እንቁላል በሉ ነው» ብሎ የጨበጠ ሰው ግን እጁን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ስለ መመሳሰሉ ማወቅ የሚጠቅመው እባብ ለመያዝ ድፍረት ለማግኘት ሳይሆን፣ በገዛ ዓይን ላይ መጠነኛ ጥርጣሬ ለማሳደር ነው።

የእባቡ ዓይነት ካልታወቀ ሐኪሙ እንዴት ያክማል?

የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መነደፍን በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተራ መድቦታል። በድርጅቱ ግምት በዓለም በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰው በእባብ ይነከሳል፤ ከእነዚህ ውስጥ መርዝ የሚገባባቸው ከ1.8 እስከ 2.7 ሚሊዮን የሚሆኑት ናቸው፤ የሚሞቱት ደግሞ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ይደርሳሉ። በነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ፦ ከተነከሰው ሰው ቢያንስ ግማሽ በሚሆነው ላይ መርዝ አልገባም። ወይ የነከሰው እባብ መርዝ የለውም፣ ወይ መርዛሙ ራሱ ነክሶ መርዙን ሳይለቅ ቀርቷል።

ብዙ የባህል መድኃኒት ስሙ የሚገነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ሰዎች በእባብ ተነክሰው ለሁለቱም መርዝ ይስባል የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ቢለጠፍላቸውና አንደኛው ያልታመመው እንቁላል በል ስለነከሰው ከሆነ፣ ምስጋናው ለድንጋዩ ይሰጣል። ድንጋዩም ሥሩም ቅጠሉም በሰውነት ውስጥ የተሠራጨን መርዝ አይስብም። ቦታውን በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ተጨማሪ ጉዳት ነው፤ በተለይ ደም የማያረጋ መርዝ የገባበት ሰው ከተበጣ ደሙን ማቆም ያስቸግራል፣ የታሰረው እግርም ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ዱዓውም ጸሎቱም ወደ ጤና ጣቢያ በሚወስደው መንገድ ላይ ሊደረግ ይችላል፤ የሚጎዳው መዘግየቱ ነው።

ሐኪሙ የሚመራው በሰውየው ላይ በሚታዩት ምልክቶች እንጂ በእባቡ አይደለም። እብጠቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው ወይ? ድዱ ይደማል ወይ? የዓይኑ ሽፋን እየወደቀ፣ መተንፈስ እየከበደው ነው ወይ? የመጨረሻው የኮብራን መርዝ ያመለክታል። ደም የማያረጋውን መርዝ ለመለየት ደግሞ ትልቅ ላቦራቶሪ የማያስፈልገው ምርመራ አለ፤ ጥቂት ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይደረግና ሳይነካ 20 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ሲዘነበል ከፈሰሰ ደሙ አልረጋም፣ መርዝ ገብቷል ማለት ነው።

ምልክቱ ከታየ የሚሰጠው ፀረ መርዝ ነው። ፈረንሳዊው አልቤር ካልሜት በ1890ዎቹ የጀመረው መንገድ ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም፤ ፈረስ ወይም በግ ጥቂት በጥቂት መርዝ እየተወጋ ሰውነቱ የመከላከያ ኃይል ሲያዳብር ከደሙ ይወሰዳል፣ ተጣርቶም መድኃኒት ይሆናል። ይህ መድኃኒት የሚያረክሰው የተሠራበትን መርዝ ወይም በጣም የሚቀርበውን ነው፤ በእስያ እፉኝት መርዝ የተሠራው ለአፍሪካው ዘመዱ መርዝ በቂ ሆኖ አልተገኘም። በሌላ በኩል ፀረ መርዙ ራሱ በአንዳንድ ሰው ላይ ከባድ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል መርዝ ላልገባበት ሰው እንዲያው ለጥንቃቄ አይሰጥም። ምንም ምልክት የሌለው ሰው ግን «የማይጎዳው ነው የነከሰኝ» ብሎ ቤቱ አይመለስም፤ ምልክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ለ24 ሰዓት ያህል በጤና ተቋም ሆኖ ይጠበቃል።

እባብ ሲያጋጥም፣ ከነደፈም በኋላ፣ ምን ይደረግ?

ከነደፈ እባቡን መከተልና መግደል ጊዜ ያባክናል፣ ሁለተኛ ሰውም ያስነድፋል፤ አሁን የሞተ እባብ ራስ እንኳ ሲነካ ሊነክስ ይችላል። የተነደፈውን ሰው ማረጋጋት፣ ቀለበትና አምባር እብጠቱ ሳይደርስ ማውለቅ፣ እጁን ወይም እግሩን በእንጨት ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግና ሳያስሮጡ ማድረስ ነው የሚያስፈልገው።

እባቡ ማሳ ውስጥ ከሆነ መንገድ ከተተወለት ይሄዳል። እርከን ሲጠገን ድንጋዩን በእጅ ከመጎተት በፊት በዶማ ወይም በረጅም እንጨት መገልበጥ፣ የተከመረ አገዳ ሲነሣ ጫማ ማድረግ፣ ሌሊት ማሳ ጥበቃ ሲኬድ ባትሪ መያዝ ከእፉኝቱም ከእንቁላል በሉም ጋር ሳይጋጩ ለመዋል ያስችላል። ዶሮ ቤት ውስጥ እንቁላል ሲጠፋ ከሚጠረጠሩት አንዱ ይኸው እባብ ነው፤ ትልልቆቹ አነስተኛ የዶሮ እንቁላል መዋጥ ይችላሉ። ተጨምድዶ የተተፋ ባዶ ቅርፊት ከተገኘ ሌባው እርሱ ነው፤ ፋሮና ድመት እንደዚያ አድርገው አይተዉትም። እንቁላሉን ማታ ሳይመሽ መሰብሰብና በግድግዳው ላይ ያለውን ቀዳዳ በጭቃ መምረግ ይበቃል።